በሎጂክ ቺፕ የሚገነባ ኮምፒውተርና የኢትዮጵያ ማባዣ

ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ስልክና ቴሌቪዥን የሚጠግን ባለሙያ ከጠረጴዛው የማይለያቸው መበየጃ፣ መልቲሜትር፣ ወረንጦና የሽቦ መቁረጫ፣ በእጅ ኮምፒውተር ለመገንባት ከሚያስፈልጉት መሣሪያዎች አብዛኞቹ ናቸው። በእነዚህ ላይ የሚጨመሩት የሎጂክ ቺፖችና ያለ ብየዳ ሽቦ እየሰኩ የሚሠሩበት ብሬድቦርድ የተባለው ባለቀዳዳ ሰሌዳ ናቸው።

ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለገበያ ያቀረበው 7400 የተሰኘ ቺፕ ባለ14 እግር ሲሆን፣ በውስጡ አራት ጌቶችን ይዟል። ጌት ምልክቶችን ተቀብሎ አንድ መልስ የሚሰጥ ዑደት ነው፤ የ7400 ጌት ሁለቱም ገቢዎቹ 1 ሲሆኑ ብቻ 0 ይሰጣል፣ በሌላው ሁኔታ ሁሉ መልሱ 1 ነው። ከዚህ አንድ ዓይነት ጌት ብቻ ማናቸውንም የሎጂክ ዑደት መሥራት ይቻላል፤ ድካሙን ለመቀነስ ግን የሚደምረው 74283፣ የሚቆጥረው 74161 እና ቁጥር ይዞ የሚያቆየው 74173 ተዘጋጅተው ይገኛሉ።

ቺፖቹ የሚሠሩት በ5 ቮልት በመሆኑ የስልክ ቻርጀር ሊያገለግላቸው ይችላል፤ ሆኖም ከ4.75 በታች ወይም ከ5.25 በላይ እንዳይሆን አስቀድሞ በመልቲሜትር መለካት ይገባል። ጀማሪዎችን ከሁሉ በላይ የሚያደክመው ስሕተት የሚመነጨውም ከኃይል አቅርቦት ነው፤ በርካታ ጌቶች በአንድ ቅጽበት ሲቀያየሩ ቮልቴጁ ለአፍታ ስለሚወርድ፣ ሽቦው ሁሉ በትክክል ተሰክቶ እያለ ማሽኑ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። መድኃኒቱ በየቺፑ የኃይል እግሮች አጠገብ 0.1 ማይክሮፋራድ የሆነ ካፓሲተር፣ ማለትም ጥቂት ኃይል አጠራቅሞ በጎደለ ጊዜ የሚሰጥ ትንሽ ዕቃ፣ ማኖር ነው።

እንዲህ ያለው አነስተኛ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ የማባዣ ዑደት ስለሌለው፣ በውጭ የሒሳብ ጽሑፎች «የኢትዮጵያ ማባዣ» ተብሎ የሚጠራው፣ በሩሲያ ገበሬዎች ስምም የሚታወቀው ስልት እጅግ ይስማማዋል። 13ን በ7 ለማባዛት 13 ቀሪው እየተጣለ ሲጋመስ 13፣ 6፣ 3፣ 1 ይሆናል፤ 7 ደግሞ ሲታጠፍ 7፣ 14፣ 28፣ 56 ይሆናል፤ 6 ጎዶሎ ስላልሆነ ከእሱ ትይዩ ያለው 14 ተትቶ የቀሩት ሲደመሩ 91 ይገኛል። በ0 እና በ1 ብቻ በሚጻፈው የሁለትዮሽ ቁጥር ማጋመስ አሃዞቹን አንድ ቦታ ወደ ቀኝ ማሻገር ብቻ ሲሆን፣ ጎዶሎነትም ከመጨረሻው አሃዝ ይታወቃል።

ቡራዩ ተሰጥኦ ያላቸውን ወጣቶች በቴክኖሎጂ የሚያሠለጥን ተቋም አለባትና፣ በእንዲህ ያለ ተቋም ይህ ስሌት በሽቦና በመብራት ተሠርቶ ቢታይ ለተማሪ ከየትኛውም ገለጻ የበለጠ ያስተምራል። ሰዓቱ፣ ማለትም የማሽኑን እርምጃ የሚመታው ዑደት፣ በ555 ቺፕ አማካይነት በሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲመታ ሲደረግ እያንዳንዱ እርምጃ በዓይን ይታያል፤ በስሌቱ ፍጻሜም ለመልሱ ከተመደቡት ስምንት መብራቶች ከግራ ሁለተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ሰባተኛውና ስምንተኛው በርተው 91ን ያሳያሉ።