ከሸዋ በር እስከ ሞቃዲሾ፦ አቤቱታ እንዴት የነፃነት ጥያቄ ሆነ

ከጀጎል አምስት ነባር በሮች አንዱ በአማርኛ ሸዋ በር፣ በሐረሪ ቋንቋ አስመዲን በሪ ይባላል። አንድ በር ሁለት ስም መያዙ የቋንቋ ጉዳይ ብቻ ነው ብለን አናልፈውም። የአማርኛው ስም የዘመቻውን ሠራዊት መምጫ፣ የገዥውንም መደብ አገር ይጠራል። የፊውዳሉ ሥርዓት ቃል አቀባዮች በሐረር የተነሣውን ተቃውሞ «የባዕድ ተንኮል» እያሉ ሲያጥላሉት ኖረዋል። ባዕድ እጁን ማስገባቱ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ እሳት ጫሪ ደረቅ እንጨት ካላገኘ ምን ሊያነድ ይችላል?

ሐረር ነፃነቷን መጀመሪያ ያጣችው በ1868 ዓ.ም. ነበር። የግብፅ ጦር ከተማዋን ያዘ፤ አሚሯም ተገደሉ። ግብፆች በ1877 ዓ.ም. ለቀው ሲወጡ አሚር አብዱላሂ ሥልጣን ያዙ፤ ይሁንና ዕድሜው ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። በ1879 ዓ.ም. የገና ዕለት የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ሠራዊት ጨለንቆ ላይ የአሚሩን ጦር ደመሰሰ። ከተማዋ ለመኮንን፣ በኋላ ራስ ለተባሉት፣ ተሰጠች። በፈረስ መጋላ የነበረው መስጊድ ፈርሶ በቦታው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። በዙሪያው ያለው የኦሮሞ ገበሬ ደግሞ የነፍጠኛው ገባር ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ሐቅ መሸፋፈን አይገባንም። የከተማዋ ባለጸጎች ራሳቸው ከግንቡ ውጭ ባለመሬቶች ነበሩ፤ መሬታቸውንም የሚያርሰው ያው የኦሮሞ ገበሬ ነው። ስለዚህ የሐረሪው ነጋዴ ቁጭትና የጭሰኛው ቁጭት ከአንድ ዙፋን ሥር ቢወለዱም አንድ አልነበሩም። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ይዘሉታል፤ የኋላው ታሪክ ቁልፍ ግን በእኛ እምነት እዚህ ነው።

ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ሐረርን ስትይዝ ይህን ቅራኔ በሚገባ ተጠቀመችበት። ለእስልምናና ለዐረብኛ ትምህርት ያሳየችው ቸርነት የከፋፍለህ ግዛ ስልት እንጂ ፍቅር አልነበረም። ቢሆንም በ1933 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ አስተዳደር ሲመለስ፣ የተመለሰው ሹመኛና አሮጌው ንቀት መሆኑን ሕዝቡ በዓይኑ አየ። በዚያው ዘመን ኦጋዴን በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነበር። በ1935 ዓ.ም. ሞቃዲሾ ላይ የተመሠረተው የሶማሌ ወጣቶች ክበብ፣ በኋላ ሊግ የተባለው፣ ቅርንጫፉን እስከ ሐረር ዘረጋ። የሐረር ሰው ንቅናቄውን «ኩሉብ» አለው።

በ1940 ዓ.ም. የሐረሪ መልእክተኞች ሞቃዲሾ ድረስ ተጉዘው ለአራቱ ኃያላን መንግሥታት መርማሪ ኮሚሲዮን አቤት አሉ። የኮሚሲዮኑ ሥራ የቀድሞዎቹን የኢጣሊያ ቅኝ ግዛቶች ዕጣ ማጥናት ነበር፤ የሐረር ጉዳይ በአጀንዳው አልነበረም። በአዲስ አበባ ሰሚ ያጣ ሰው የማይመለከተውን ዳኛ እንኳ ፍለጋ ባሕር ዳርቻ ድረስ ይሄዳል። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በወጣትነታቸው ሐረርን የገዙ ሰው ነበሩ፤ የከተማዋን ብሶት አላወቁም ሊባል አይቻልም። መልሳቸው ግን እስር ሆነ፤ የብዙ ሰው ንብረትም ተወረሰ። ብዙ ቤተሰብ ጀጎልን ለቆ ወደ ድሬዳዋና ወደ አዲስ አበባ ተሰደደ።

ቅኝ ገዥዎችም እንዲሁ አድርገዋል። በሚያዝያ 1937 ዓ.ም. ፈረንሳይ ሴቲፍ ላይ ሰልፈኛውን በጥይት መለሰችው፤ አልጄሪያውያን ከአሥር ዓመት ያነሰ ጊዜ ውስጥ መሣሪያ አነሡ። በእኛው አገርም ዘውዱ ኤርትራ ላይ ያንኑ ደገመ። በ1945 ዓ.ም. የጸናው ፌዴሬሽን ቀስ በቀስ ተሸረሸረ፤ በ1953 ዓ.ም. የመጀመሪያው ጥይት ተተኮሰ፤ በ1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈረሰ። ከሠላሳ ዓመት ጦርነት በኋላ፣ በ1985 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ፣ ኤርትራ ነፃ አገር ሆነች።

ኩሉብ ግን ወደ ትጥቅ ትግል አላደገም። የተነሣው ከነጋዴውና ከተማረው ወገን ነው፤ ለጭሰኛው የሚሰጠው መሬት አልነበረውም። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ያን ጭሰኛ ነፃ ሲያወጣ፣ ለጀጎሉ ባለመሬት ያው አዋጅ ሁለተኛ መነጠቅ ነበር፤ ሐምሌ ላይ የትርፍ ቤቶች አዋጅ ተከተለ። አዋጁ ትክክል ነበር እንላለን፤ ያስቀየመው ሰው ግን አልነበረም አንልም። በ1970 ዓ.ም. የሞቃዲሾ መንግሥት በታንክ ታጅቦ እስከ ሐረር አፋፍ ሲደርስ፣ ያመጣው «ነፃነት» ሌላ ወረራ ነበር።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የሐረሪን ሕዝብ ክልል ከአባል ክልሎች አንዱ አድርጎ አስቀመጠ። ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎች ለሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ድምፅ መስጠት ይችላሉ ወይስ አይችሉም የሚለው ክርክር በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ዋዜማ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም ይችላሉ ሲል ወሰነ።