መቶ ቀን ሠርቶ ዓመቱን መብላት፦ የዊስኮንሲን የመዝናኛ ገበያ ወቅቱን እንዴት ያራዝማል?

«አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀንበር ሳለ ሩጥ» የሚለው ምክር በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ በምትገኘው የዊስኮንሲን ግዛት ለተሰማሩ የሆቴልና የመዝናኛ ባለሀብቶች ተረት ብቻ ሳይሆን የሒሳብ ጉዳይ ነው፡፡ እዚያ ጀንበር የምትቆየው መቶ ቀን ያህል ነው፡፡ ገበያው በሜይ ወር የመጨረሻ ሰኞ በሚውለው የጦር ሜዳ ሙታን መታሰቢያ በዓል ይከፈትና በሴፕቴምበር የመጀመሪያ ሰኞ በሚከበረው የሠራተኞች ቀን ይቀዘቅዛል፡፡

የኢትዮጵያ አንባቢ ሰኔና ሐምሌ ሲባል ዝናብና ጭቃ ይታየዋል፡፡ በዊስኮንሲን ግን ሰው ልጆቹን ይዞ ወደ ሐይቅ የሚወጣው በእነዚህ ወራት ነው፡፡ ታኅሣሥና ጥር ደግሞ ሐይቁ ረግቶ በላዩ ላይ ሰው የሚሄድበት ጊዜ ነው፡፡ ብድር ግን ወቅት አያውቅም፡፡ የባንክ ወለድ፣ የመሬትና የቤት ግብር፣ ኢንሹራንስና የጥበቃ ደመወዝ አሥራ ሁለቱንም ወር ይቆጥራሉ፡፡ ስለዚህ በዚህ ገበያ ዋናው ጥያቄ «ስንት አልጋ አለ?» ሳይሆን «በቀሩት 265 ቀናት አልጋውን ማን ይይዘዋል?» የሚለው ነው፡፡

ግዛቲቱ ውቅያኖስ የላትም፤ የሚደነቅ ከፍታ ያለው ተራራም የላትም፡፡ ያላት ውሃ ነው፡፡ በምሥራቅ የሚቺጋን ሐይቅ፣ በሰሜን የሱፒሪየር ሐይቅ፣ በምዕራብ የሚሲሲፒ ወንዝ ያዋስኗታል፤ በውስጧም ከ15,000 በላይ ትናንሽና ትላልቅ ሐይቆች ይቆጠራሉ፡፡ ሁለተኛው ሀብቷ ጎረቤት ነው፡፡ ከደቡብ ቺካጎ፣ ከምዕራብ ሚኒያፖሊስ በመኪና የጥቂት ሰዓታት መንገድ ናቸው፡፡ 6 ሚሊዮን የማይሞላ ሕዝብ ያላት ይህች ግዛት ከቱሪዝም ያገኘችው ጠቅላላ የኢኮኖሚ ጥቅም በ2023 ወደ 25 ቢሊዮን ዶላር መድረሱን የግዛቲቱ የቱሪዝም መሥሪያ ቤት አስታውቋል፡፡ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፡፡)

ይህ ሁሉ ገንዘብ ከመቶ ቀን ብቻ አልተገኘም፡፡ እያንዳንዱ አካባቢ ወቅቱን የሚያራዝምበት የየራሱ ዘዴ አለው፡፡

ዴልስ፦ በወንዝ ተጀምሮ በጣሪያ የቀጠለ ንግድ

በግዛቲቱ መካከል የምትገኘው ዊስኮንሲን ዴልስ ቋሚ ነዋሪዋ 3,000 ያህል ሰው ነው፤ በዓመት የምታስተናግደው እንግዳ ግን በሚሊዮኖች ይቆጠራል፡፡ መነሻው የዊስኮንሲን ወንዝ ለዘመናት የቀረጸው የአሸዋ ድንጋይ ገደል ነው፡፡ ገደሉን ለገበያ ያቀረበው ሄንሪ ሃሚልተን ቤኔት የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፡፡ ቤኔት በ1865 በከተማዋ ፎቶ ቤት ገዝቶ የአካባቢውን ሥዕል በየአገሩ መሸጥ ጀመረ፡፡ ሥዕሉን ያየ ሰው ባቡር ተሳፍሮ ቦታውን ለማየት መጣ፡፡ በ1931 ከተማዋ ኪልበርን ሲቲ የሚለውን ስሟን ትታ በመስህቧ ስም ተጠራች፡፡

ከዚያ ወዲህ መስህብ በመስህብ ላይ ተጨመረ፡፡ በ1946 ከጦርነቱ የተረፉ፣ በየብስም በውሃም የሚሄዱ የጦር ተሽከርካሪዎች ለቱሪስት ማመላለሻ ዋሉ፡፡ በ1979 ኖኅ መርከብ የተሰኘው የውሃ መዝናኛ ፓርክ ተከፈተ፡፡ ይሁን እንጂ ሁሉም የሚሠሩት ፀሐይ ስትወጣ ብቻ ነበር፡፡

ለውጡ የመጣው በ1989 ፖሊኔዥያን የተባለው ሆቴል የውሃ መጫወቻውን በጣሪያ ሥር ሲያስገባ ነው፡፡ ውጭው ከዜሮ በታች ሲሆን ውስጡ ወደ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፡፡ የቺካጎ ቤተሰብ በጃንዋሪ ልጆቹን ይዞ የሚሄድበት ቦታ አገኘ ማለት ነው፡፡ ከዚያ በኋላ የተሠሩት ታላላቅ ሆቴሎች የውሃውን መግቢያ ዋጋ ከአልጋው ኪራይ ጋር አንድ ላይ ማስከፈልን መረጡ፡፡ በዚህ አሠራር የውሃ ሸርተቴው የቆመው ለራሱ ትርፍ ሳይሆን አልጋውን ለመሙላት ነው፡፡ ቤተሰብ ቅዳሜና እሑድን ይሞላል፤ በሥራ ቀናት ደግሞ የስብሰባ አዳራሹ ኩባንያዎችንና ማኅበራትን ያመጣል፡፡

ገንዘብ ያለው ሁሉ ዘዴውን አየው፡፡ በ1997 በዴልስ የተጀመረው፣ ኋላ ግሬት ዎልፍ የተባለው ድርጅት በየግዛቱ ቅርንጫፍ ከፍቶ በ2004 አክሲዮኑን በናስዳክ ገበያ ላይ አወጣ፤ በ2012 አፖሎ የተባለው የኢንቨስትመንት ኩባንያ ጠቅልሎ ገዛው፡፡ ስሙን ከደቡባዊ አፍሪካ በረሃ የተዋሰው ካላሃሪ በ2000 በዴልስ ከተከፈተ በኋላ በ2005 ወደ ኦሃዮ፣ በ2015 ወደ ፔንሲልቬንያ፣ በ2020 ወደ ቴክሳስ ተሻገረ፡፡

ባለሀብቱ ልብ ሊለው የሚገባው ነገር እዚህ ላይ ነው፡፡ የወንዙን ገደል ማንም ሊቀዳው አይችልም፤ ጣሪያውን ግን ማንም ይሠራዋል፡፡ ዴልስ የፈጠረችው ዘዴ በሌሎች ከተሞች በተተከለ ቁጥር ከሩቅ ይመጣ የነበረው እንግዳ በአቅራቢያው ማረፊያ ያገኛል፡፡ ስለሆነም የዴልስ ሆቴሎች በየጊዜው አዲስ ነገር ለመጨመር ገንዘብ ማፍሰስ ግድ ሆኖባቸዋል፡፡

ዶር ካውንቲ፦ አንዱ ሲያልፍ ሌላው

በምሥራቅ ወደ ሚቺጋን ሐይቅ ሾልኮ የገባው የዶር ካውንቲ ልሳነ ምድር ሌላ መንገድ ይዟል፡፡ እዚህ ትልቅ ግንባታ ሳይሆን የቀን መቁጠሪያ ነው የሚሠራው፡፡ በሜይ የቼሪ ዛፍ ያብባል፤ በጁላይ አጋማሽ ፍሬው ደርሶ እንግዳው በእጁ እየለቀመ ይገዛል፤ በኦክቶበር የጫካው ቅጠል ቀይና ቢጫ ሲሆን ለማየት የሚመጣው ሰው ሆቴሉን ይሞላል፡፡ በዚህ መንገድ መቶው ቀን ወደ ስድስት ወር ይጠጋል፡፡

ምግቡም ትርኢት ሆኗል፡፡ የሐይቅ ዓሣ ከድንችና ከሽንኩርት ጋር በደጅ በተጣደ ትልቅ ድስት ይቀቀላል፡፡ በመጨረሻ አብሳዩ እሳቱ ላይ ኬሮሲን ሲረጭ ነበልባሉ ይነሣና ውሃው ገንፍሎ የዓሣውን ዘይት ይዞት ይፈስሳል፡፡ እንግዳው የሚከፍለው ለእራቱ ብቻ ሳይሆን ለነበልባሉም ነው፡፡ የበረዶው ወራት ሲገባ ግን ብዙዎቹ ሱቆች ይዘጋሉ፡፡ ወጪያቸው ዝቅተኛ በመሆኑ መዘጋቱን ይችሉታል፡፡

ጄኔቫ ሐይቅ፦ ቅርበት የሚሸጥበት

በደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው የጄኔቫ ሐይቅ የቺካጎ ሀብታሞች ሰፈር የሆነው ከ1871 ታላቅ የቺካጎ ቃጠሎ በኋላ ነው፡፡ ከተማቸው እስክትሠራ በሐይቁ ዳር ባሏቸው ቤቶች ያረፉ ቤተሰቦች ቦታውን ወደዱት፤ ሌሎችም ተከትለው ቪላ ሠሩ፡፡ በማስቲካ ንግድ የታወቀው የሪግሊ ቤተሰብ ከእነዚህ አንዱ ነው፡፡

ሐይቁን የሚዞረው ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የእግር መንገድ በባለጸጎቹ ግቢ ፊት ለፊት ያልፋል፤ ለማንኛውም ሰው ግን ክፍት ነው፡፡ በሞቃት ወራት በሐይቁ ዳር ላሉ ቤቶች ፖስታ የሚታደለው በጀልባ ነው፡፡ ወጣት አዳዮች ጀልባው ሳይቆም ወደ ወደቡ ዘለው ፖስታውን አስቀምጠው ተመልሰው ይዘላሉ፡፡ ይህን ለማየት ቱሪስት ከፍሎ ይሳፈራል፡፡ የፖስታ ሥራ ራሱ የሚሸጥ ትርኢት ሆነ ማለት ነው፡፡

ደቡብ ምዕራብ፦ የሞተ ሀዲድ

ከኤልሮይ እስከ ስፓርታ ያለው 51 ኪሎ ሜትር ያህል የባቡር መስመር ሥራ ሲያቆም ግዛቲቱ በ1960ዎቹ ገዝታ ሀዲዱ የተነሣበትን መሬት የብስክሌት መንገድ አደረገችው፡፡ በአሜሪካ ለዚህ ዓይነት መንገዶች ፈር ቀዳጅ ሲሆን፣ ተራራ ሰንጥቀው የሚያልፉ ሦስት ዋሻዎች አሉት፡፡ ባቡር የቀረባቸው ትናንሽ ከተሞች ለብስክሌተኛው አልጋ፣ ምግብና ጥገና ይሸጣሉ፡፡ በዚሁ አካባቢ ስፕሪንግ ግሪን አጠገብ የአርክቴክቱ የፍራንክ ሎይድ ራይት መኖሪያ የነበረው ታሊየሲን ይገኛል፤ በ2019 ከሌሎች ሰባት ሥራዎቹ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፡፡

ሰሜን፦ ብርዱን ራሱን መሸጥ

የሰሜኑ ነጋዴ ከበረዶው አይሸሽም፤ ይሸጠዋል፡፡ ከ1973 ጀምሮ በኬብልና በሄዋርድ ከተሞች መካከል በየፌብሩዋሪው የሚካሄደው የአሜሪካ ቢርኪባይነር የስኪ ውድድር በሺዎች የሚቆጠሩ ተወዳዳሪዎችን ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ያመጣል፡፡ በዚያ ሳምንት አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነው፡፡

ሆኖም ሸቀጡ ከሰማይ የሚወርድ ነው፤ ካልወረደ የለም፡፡ በ2017 በረዶው በመጥፋቱ ዋናው ውድድር ተሰረዘ፡፡ በ2024 ደግሞ አዘጋጆቹ በመሣሪያ በሠሩት በረዶ 10 ኪሎ ሜትር ዙር አዘጋጅተው ተወዳዳሪው እየተመላለሰ እንዲሮጥበት አድርገዋል፡፡ ከሱፒሪየር ሐይቅ ዳር ያሉት የአፖስል ደሴቶች የበረዶ ዋሻዎችም ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው፡፡ በ2014 ሐይቁ በደንብ ረግቶ ወደ ዋሻዎቹ በእግር መሄድ ሲቻል በሁለት ወር ውስጥ 138,000 ያህል ሰው ጎረፈ፤ የአካባቢው ምግብ ቤቶችና ማደያዎች ያላሰቡት ገበያ አገኙ፡፡ በ2015 መንገዱ የተከፈተው ለጥቂት ቀናት ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ሐይቁ በሚገባ ባለመርጋቱ ለዓመታት ተዘግቶ ቆየ፡፡ የ2014ን ገቢ የየዓመት ገቢ አድርጎ ቆጥሮ የተበደረ ቢኖር ዕዳው በእጁ ይቀር ነበር፡፡

ግሪን ቤይ፦ ስታዲየሙ ዓመቱን ሙሉ

100,000 ጥቂት የሚያልፍ ሕዝብ ባላት በግሪን ቤይ ከተማ ከ80,000 ሰው በላይ የሚይዘው ላምቦ ፊልድ ስታዲየም ይገኛል፡፡ የፓከርስ የአሜሪካ እግር ኳስ ክለብ በመደበኛው ውድድር በሜዳው የሚጫወተው በዓመት ስምንት ወይም ዘጠኝ ጊዜ ብቻ ነው፡፡ በ2003 በተጠናቀቀው እድሳት ሙዚየም፣ ምግብ ቤትና ሱቅ የያዘ አዳራሽ ተጨምሮ ስታዲየሙ ጨዋታ በሌለበት ቀንም እንግዳ የሚቀበል ሆነ፡፡

ለአክሲዮን ደላሎች የሚገርመው የክለቡ ባለቤትነት ነው፡፡ ባለአክሲዮኖቹ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ናቸው፡፡ አክሲዮኑ የትርፍ ድርሻ አይከፍልም፤ በገበያም አይሸጥም፡፡ እንዲያም ሆኖ በ2021 መጨረሻ አንዱ በ300 ዶላር ለሽያጭ ሲቀርብ ገዢ አላጣም፡፡ ሰው ለትርፍ ሳይሆን ለፍቅር ገንዘቡን የሚያወጣበት ገበያ እንዳለ ማስረጃ ነው፡፡

የሕጉ እጅ

ግዛቲቱ በሕግም ወቅቱን ደግፋለች፡፡ ከ2000 ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከሴፕቴምበር 1 በፊት ትምህርት እንዳይጀምሩ ተደንግጓል፡፡ የሕጉ ዋና ደጋፊ የቱሪዝሙ ዘርፍ ነበር፤ ልጆች ኦገስትን ሙሉ ከወላጆቻቸው ጋር እንዲዝናኑ፣ ተማሪ ሠራተኞችም ገበያው ሳያልቅ ሆቴሉን ጥለው እንዳይሄዱ ማለት ነው፡፡ ከተሞች ከሚሰበስቡት የአልጋ ግብርም በአጠቃላይ ቢያንስ 70 ከመቶው ለቱሪዝም ማስፋፊያ እንዲውል ሕጉ ያዛል፡፡ ዴልስና ጎረቤቷ ሌክ ዴልተን ደግሞ ከቱሪስት ጋር በተያያዘ ሽያጭ ላይ 1.25 ከመቶ ተጨማሪ ታክስ ያስከፍላሉ፤ ገንዘቡ ለመንገድና ለመሰል አገልግሎቶች ይውላል፡፡ የጥቂት ሺህ ነዋሪ ከተማ የሚሊዮኖችን ጎማ የሚሸከም መንገድ ከነዋሪው ኪስ ብቻ ልትሠራ አትችልምና፡፡

ሐይቅ የጠፋበት ቀን

የዚህ ንግድ አደጋ ምን ያህል እንደሆነ ጁን 9 ቀን 2008 ታይቷል፡፡ በ1927 በግድብ የተሠራው የሌክ ዴልተን ሐይቅ በከባድ ዝናብ ሞልቶ ከዳርቻው አንዱን ወገን ጣሰና በሰዓታት ውስጥ ወደ ዊስኮንሲን ወንዝ ፈሰሰ፡፡ ቤቶች ተወሰዱ፤ በሐይቁ ዳር የነበሩ ማረፊያዎች ገበያው በሚጀምርበት ወር ፊታቸው ጭቃ ሆኖ ቀረ፡፡ ለዓመታት በሐይቁ ላይ ይታይ የነበረው የቶሚ ባርትሌት የውሃ ስኪ ትርኢትም ያን ወቅት ሜዳውን አጣ፡፡ ሐይቁ ተጠግኖ ለ2009 ቢደርስም ትርኢቱ በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ለመጨረሻ ጊዜ ተዘጋ፡፡ በዚያ የ2008 ወቅት ጣሪያ ሥር የነበሩት የውሃ ፓርኮች ግን ከሐይቁ ጋር አልደረቁም፡፡

ከዊስኮንሲን የሚወሰደው ስሌት ግልጽ ነው፡፡ ጣሪያ ወቅትን ያራዝማል፤ ነገር ግን ብዙ ካፒታል ይበላል፣ ይቀዳልም፡፡ እንደ ቼሪና ቅጠል ያሉ ተከታታይ መስህቦች በትንሽ ወጪ ወራት ይጨምራሉ፤ ዓመቱን ግን አይሞሉም፡፡ ብርዱን መሸጥ ርካሽ ነው፤ ሆኖም ሰማዩ ካልፈቀደ ባዶ እጅ ያስቀራል፡፡ በየትኛውም አገር በሐይቅ ዳር ሆቴል ለመሥራት ያሰበ ባለሀብት ሥዕሉን ከመመልከቱ በፊት ለአንድ ጥያቄ መልስ ሊያዘጋጅ ይገባል፦ ገበያው በቀዘቀዘበት ወር፣ በማክሰኞ ሌሊት፣ አልጋውን የሚይዘው ማን ነው?