የሰሜን ተራሮች ፓርክና የወደፊት ዕቅዱ

ፓርክ ማቋቋም በካርታ ላይ ወሰን ከማስመር የማያልፍ ሥራ የሚመስለን ተማሪዎች ጥቂቶች አይደለንም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ግን እ.ኤ.አ. በ1969 ሲቋቋም ገብስ የሚዘራ፣ ከብት የሚያሰማራ ገበሬ በውስጡ ነበረበት። በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፤ ዋልያው እየተመናመነ፣ እርሻውም እየገፋ ስለ ሄደ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተመዘገበ። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ሲሆን፣ አስቀድሞ ወሰኑ እንደገና ተካልሎ፣ የግጭ መንደር ነዋሪዎችም ወደ ደባርቅ ተዛውረው ነበር።

እንግዲህ ለሚመጣው ሃምሳ ዓመት የሚታቀደው ምንድን ነው? ዋልያን መቍጠር ቀላሉ ነው (ገደሉን መውጣት ካልታሰበ!)። ከባዱ ግጦሹ ነው፤ ከብት የጋጠውና የረገጠው ተዳፋት አፈሩን ለክረምት ጎርፍ ይሰጣል። ስለዚህ ዕቅዱ በየትኛው ተዳፋት፣ በየትኛው ወር፣ ስንት ከብት እንደሚሰማራ፣ ከመሬቱ የተነሣውም ገበሬ በምን እንደሚተዳደር፣ ከባለከብቶቹ ጋር ተመክሮበት መጻፍ አለበት።