«ጥርስ ሊያወጣ ነው»

ስድስት ሰባት ወር የሞላው ሕፃን ሲያስቀምጠው ሰፈሩ የሚሰጠው ምክር ያው አንድ ነው፤ «አይዞሽ፣ ጥርስ ሊያወጣ ነው።» ይህ ቃል ከተማ ላይ እናቲቱን ቤቷ ያስቀምጣታል፤ ያልፋል ብላ ትጠብቃለች። በብዙ የገጠር ቀበሌ፣ አልፎ አልፎም በከተማ፣ ጥርስ አውጪ ዘንድ ይወስዳታል። ሰውየው የሕፃኑን አፍ ፈልቅቆ ድዱን ይዳብሳል፤ ክራንቻ በሚበቅልበት ቦታ ነጣ ብሎ ያበጠ ነገር ሲያገኝ «በሽታው ይኸው» ይላል። ከዚያ በቢላ ጫፍ፣ በምስማር ወይም በተሳለ ሽቦ ፈልፍሎ ያወጣዋል። ግግ ማስወጣት የሚሉት ይህንን ነው።

ያበጠው ነገር በሽታ አይደለም። ገና ያልወጣ የወተት ክራንቻ ነው፤ ቢተዉት ሕፃኑ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሲሆነው ራሱ ብቅ ይላል። ከሥሩ ቋሚው ጥርስ እየተሠራ ነው፤ ምስማሩ እሱንም ያገኘዋል። ወደ እስራኤል የገቡ የቤተ እስራኤል ልጆችን የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞች በብዙዎቹ አፍ ውስጥ የወተት ክራንቻ አጥተዋል፤ በአጠገቡ ባሉት ጥርሶችም ላይ ጉድለት አይተዋል። ይህ እንግዲህ ቀላሉ ጉዳት ነው። ከባዱ መድማት፣ ማመርቀዝና መንጋጋ ቆልፍ ነው። ድዱ የቆሰለ ሕፃን ደግሞ መጥባት ያመዋል፤ በተቅማጥ ፈሳሽ እያለቀበት ጡት እምቢ ካለ ጊዜ አይሰጥም።

እምነቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። እናቶች ያዩትን አይተዋል፤ ጥርሱና ተቅማጡ በእርግጥም በአንድ ወቅት ይመጣሉ። ግን በዚያው ወቅት ሌላም ነገር ይሆናል። ሕፃኑ ከጡት ሌላ ምግብ ይጀምራል፤ አጥሚቱ በውሃ ይበጠበጣል፤ ልጁ ይድህና ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል፤ ከእናቱ ይዞት የተወለደው የበሽታ መከላከያም እየሳሳ ይሄዳል። ጥርስ ሲበቅል ለሃጭ መብዛቱ፣ መነጫነጩ፣ ሰውነት ትንሽ መሞቁ የታወቀ ነው። ሰገራ ጥቂት ያላላል ወይ በሚለው ላይ ጥናቶች ሙሉ በሙሉ አይስማሙም። ልጅን የሚያደርቅ ተቅማጥና ከባድ ትኩሳት ግን ከጥርስ አይመጣም። ጥርሱ ከተነቀለ በኋላ የሚድኑ ልጆች መኖራቸውም እውነት ነው፤ አብዛኛው ተቅማጥ በጥቂት ቀናት ራሱ ስለሚቆም ምስጋናውን ምስማሩ ይወስደዋል።

እናቶችን መውቀስ አይገባም። ትዕግሥቴን የሚያስጨርሱት ሌሎች ናቸው፤ ቡና ላይ ተቀምጠው «የእኔ አምስቱም ተነቅሎላቸው ነው ያደጉት» የሚሉ፣ ከዚህም የከፉት ደግሞ ተምረው፣ የራሳቸውን ልጅ ክሊኒክ እያሳከሙ፣ ስልካቸው ላይ «ባህላችንን አትንኩ» እያሉ የሚለጥፉ። ያልተነቀለላቸው ወይም ተነቅሎባቸው ያልተመለሱ ልጆች ቡና ላይ አይቆጠሩም።

የዚህ ወሬ ትልቁ ጥፋት ውሃውን ከጥያቄ ማውጣቱ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ ሁሉ ሰው ድዱን ሲያይ ጀሪካኑን የሚያይ ይጠፋል። ከቦኖ ንጹሕ ሆኖ የተቀዳ ውሃ እንኳ ቤት ገብቶ ሊበከል ይችላል፤ ክዳን የሌለው እንስራ፣ ውስጡ ታጥቦ የማያውቅ ጀሪካን፣ እጅ ጭምር የሚጠልቅበት ጣሳ፣ በሙቀት የዋለ ጡጦ። ልጁ የሚድህበት መሬት ላይ የዶሮ ኩስ ካለ፣ አፉ የሚገባው እሱ ነው። ሕፃኑ በየወሩ ሲያስቀምጠው ደግሞ የበላው አይጠቀመውም፣ የምግብ ፍላጎቱም ይዘጋል፤ መቀንጨር አንዱ መንገዱ በዚህ ነው። ጥርሱ ተነቅሎ ያው ጀሪካን ከቀጠለ፣ ተቅማጡ ይመለሳል።

ከጥርሱ ወሬ ጋር ተያይዞ የሚሰጥ ሌላ ምክር አለ፤ «ሆዱ ይረፍ፣ ውሃ ሲጠጣ ይብስበታል።» በተቅማጥ የሚሞት ሕፃን በአብዛኛው የሚሞተው ፈሳሽና ጨው አልቆበት ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. በባንግላዴሽ ጦርነት ወደ ሕንድ በጎረፉ ስደተኞች መካከል ኮሌራ ሲገባ፣ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ አለቀባቸውና ጨውና ስኳር በውሃ በጥብጠው ለቤተሰብ አደሉ። ከታመሙት ከመቶ 30 ያህሉ ይሞቱ የነበረው ወደ 4 ገደማ ወረደ። ዛሬ በየጤና ኬላው ያለው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ኦ አር ኤስ የምንለው፣ ይኸው ነው፤ አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። አብሮት ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል። ጡትም ምግብም አይቋረጥም። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ እንባ አልባ ካለቀሰ፣ ከደከመና መጠጣት ካቃተው ወይም ሰገራው ደም ካለው ግን ቤት መቆየት የለም። እርግብግቢቱ መጎድጎዱም የፈሳሽ እጥረት ነው፤ ቅቤ አይሞላውም።

የቀሩትን በአጭሩ። «ሙቀት ስለሆነ ውሃ ይጠማዋል» እየተባለ ስድስት ወር ላልሞላው ውሃ ይሰጠዋል፤ የእናት ጡት አብዛኛው ውሃ ነውና ይበቃዋል። «የሕፃን ሰገራ ምን አለው» ይባላል፤ ያለው የትልቅ ሰውን ያህል ነው፣ ሽንት ቤት ይግባ፣ ያጠበው እጅም በሳሙና፣ ከጠፋ በአመድ ይታጠብ። «ከተከተበ ምን ይሆናል» የሚሉም አሉ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የሮታ ክትባት የሚከላከለው ሮታ ቫይረስን ብቻ ነው፤ ጀሪካኑን አያጥብም። ኩልል ያለ የምንጭ ውሃም በዓይን ብቻ አይታመንም፤ ይፈላ ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ በጠርሙሱ በተጻፈው መጠን ገብቶበት ግማሽ ሰዓት ይቆይ።

ጥርስና ውሃ በእርግጥ የሚገናኙበት ቦታም አለ፤ ስምጥ ሸለቆ። እዚያ ብዙ ጉድጓዶች የፍሎራይድ መጠናቸው የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር የ1.5 ሚሊግራም ገደብ ያልፋል። ልጆች ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ ይበቅላል፤ በወንጂ ስኳር ልማት አካባቢ ለዓመታት የጠጡ ሠራተኞች ደግሞ አጥንታቸው ተጎድቷል። ማፍላት ጀርምን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያወጣም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይበልጥ ይወፍራል። በዚያ አገር ያለ ቤተሰብ ማገዶውን ከመጨረሱ በፊት የጉድጓዱ ውሃ ተመርምሮ እንደሆነ ወረዳውን ይጠይቅ።