ዘመኑ ያለፈበትን የስልክ ገጽ ላይብረሪ ስለማሰናበት

በቁስቋም ሠፈር የምንኖር አራት ተማሪዎች፣ ለአንዲት የሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ ነጋዴ የሠራነውን የትዕዛዝ መቀበያ ድረ ገጽ ለማደስ በተነሣን ጊዜ፣ ላይብረሪን ማስወጣት ከማስገባት ይልቅ እንደሚከብድ ተረዳን። ላይብረሪ የምንለው፣ ፕሮግራም ጻፊው ሁሉን ከሥር እንዳይጀምር አስቀድሞ የተዘጋጀለትን የፕሮግራም ስብስብ ነው። እኛ የተጠቀምንበት ጄኩዌሪ ሞባይል ይባላል።

ይህ ላይብረሪ በነሐሴ 2002 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው) ለሕዝብ ተነገረ፤ የመጀመሪያውም ሙሉ እትም በኅዳር 2004 ዓ.ም. ወጣ። በዚያን ጊዜ አይፎንና አንድሮይድ ሲስፋፉ ሲምቢያንና ብላክቤሪም ከሰው እጅ አልወጡም ነበር፤ የእያንዳንዱም ብራውዘር ገጹን በየራሱ ጠባይ ያሳይ ነበር። ጻፊው ተራ ዝርዝር ጽፎ «ዳታ ሮል» የሚባለውን ምልክት ከጨመረበት፣ ላይብረሪው ገጹ ሲከፈት ዝርዝሩን ለጣት ወደሚመች ሰፊ ቁልፍ ይለውጠው ነበር። ስለዚህ የድረ ገጽ መሥሪያ መድረኮችም ተቀበሉት። ኦራክል አፔክስ በ2005 ዓ.ም. በወጣው 4.2 እትሙ የስልክ ገጽን በዚሁ ላይብረሪ አቆመ፤ ይሁን እንጂ አንዱ ሥራ ለኮምፒዩተር አንድ፣ ለስልክ ሌላ ገጽ ይሻ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ግን 5.0 እትሙ በማናቸውም ስፋት ራሱን የሚያስተካክል አንድ ገጽታ ይዞ መጣ፤ የጄኩዌሪ ሞባይሉም ገጽ ኋላ ከመድረኩ ወጣ።

ምክንያቱ ግልጥ ነው። ላይብረሪው ይሸፍነው የነበረውን ልዩነት ብራውዘሮቹ ራሳቸው አጠበቡት። ለጠባብና ለሰፊ መስተዋት የሚስማማ ገጽ ዛሬ በጥቂት የሲኤስኤስ መስመሮች ይሠራል፤ የቀን መምረጫውም ከብራውዘሩ ጋራ ይመጣል።

ከዚህ የከፋ ግን ሌላ ነገር አለ። የጄኩዌሪ ሞባይል የመጨረሻው የጸና እትም፣ ማለት 1.4.5፣ በጥቅምት 2007 ዓ.ም. ወጣ። እናቱ ጄኩዌሪ ግን በሰኔ 2008 ዓ.ም. ወደ 3.0 አለፈ፤ 1.4.5ም ለዚህ አልተሠራም። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ጄኩዌሪ 3.5 አንድ የጸጥታ ቀዳዳ ሲደፍን፣ በአሮጌው ላይብረሪ የታሰረ ሰው ቀዳዳው ባልተደፈነው እትም ላይ ቀረ። መስከረም 27 ቀን 2014 ዓ.ም. ጠባቂዎቹ ላይብረሪው ከእንግዲህ እንደማይቀጥል አስታወቁ። እኛም ይህን እያወቅን ሁለት ዓመት ያህል ችላ ብለናል፤ ገጹ ይሠራ ነበርና።

በኋላም በአንድ ምሽት ነቅለን ጣልነው። ገጹ አማረ፤ ቁልፉም በቦታው ነበረ። ነገር ግን ትዕዛዝ የሚልከው ፕሮግራማችን «ፔጅኢኒት» የሚባለውን ጥሪ ይጠብቅ ነበር፤ ይህንንም ጥሪ የሚያሰማው የነቀልነው ላይብረሪ ብቻ ነው። ስሕተት የሚል ጽሑፍ እንኳ አልታየም። ጊዜው የጥምቀት ሰሞን ነበረ፤ ሁለት ቀን ሙሉ አንድም ትዕዛዝ አልደረሰም። ይቅርታ ልንጠይቅ በሄድን ጊዜ እትዬ፣ «ልጆቼ፣ ስልኩ ዝም ካለ እኔ ገበያው የቀዘቀዘ መስሎኝ ነበር» አሉን። ጥፋቱ የእኛው ነው።

ላይብረሪውን መልሰን በሌላ መንገድ ጀመርን። ጄኩዌሪ ሞባይል የሚቀጥለውን ገጽ በአሮጌው ገጽ ውስጥ በአጃክስ ስለሚያስገባ፣ ገጾቹ እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው። ስለዚህ አስቀድመን፣ ላይብረሪው ከመጫኑ በፊት በምትሠራ አንዲት መስመር ይህን ልማዱን ዘጋነው፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ገጽ ለብቻው ቆመ። ከዚያም «ፔጅኢኒት» የሚለውን ቃል በፋይሎቻችን ሁሉ ፈልገን አሥራ ሰባት ቦታ አገኘነው፤ እኛ የምናስታውሰው አምስት ብቻ ነበር። ገጾቹንም አንድ በአንድ እየለወጥን፣ እያንዳንዱን በእትዬ አሮጌ ስልክ ላይ የሙከራ ትዕዛዝ ልከን ሳናይ ወደ ሚቀጥለው አላለፍንም። ከአሥራ አንዱ ገጾች ስምንቱ ተለውጠዋል። የቀሩት ሦስቱ የልኬት መሙያዎች ናቸው፤ እነርሱንም ከፋሲካ ገበያ በኋላ እንጂ በፊት እንዳንነካ እትዬ አስጠንቅቀውናል።