የጦር መሣሪያን በአደራ መያዝና ማውረስ

በአሜሪካ «የጠመንጃ ትረስት» የሚባለው የጦር መሣሪያን በአንድ ግለሰብ ስም ሳይሆን በአደራ ሰነድ አማካይነት አስመዝግቦ የመያዝ ሥርዓት ነው። በሰነዱ ውስጥ ሦስት ወገኖች አሉ፤ እነርሱም ንብረቱን ለአደራው የሚሰጠው መሥራች፣ በሰነዱ ቃል መሠረት የሚይዘውና የሚያስተዳድረው ባለአደራ፣ በመጨረሻም ንብረቱ የሚተላለፍለት ተጠቃሚ ናቸው። መሥራቹ በሕይወት እስካለ ድረስ ባለአደራም ሊሆን ይችላል። የአደራ ተቋም በራሱ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለዚሁ ድንጋጌዎች አሉት።

የሥርዓቱ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው ብሔራዊ የጦር መሣሪያ ሕግ ነው። ሕጉ ተራውን የአደን ጠመንጃና ሽጉጥ ትቶ፣ መትረየስ፣ አፈሙዙ (ዛሬ ባለው ልኬት) ከ16 ኢንች ያጠረ ጠመንጃ፣ የድምፅ ማፈኛና የመሳሰሉት በፌዴራል መዝገብ እንዲሰፍሩ አስገደደ፤ ሲተላለፉም በዘመኑ ከባድ ገንዘብ የነበረውን 200 ዶላር ታክስ ጣለባቸው።

የትረስት ጥቅም ጎልቶ የሚታየው በቤት ውስጥ ነው። በባል ስም የተመዘገበን የድምፅ ማፈኛ በሕግ መያዝ የሚችለው እርሱ ብቻ በመሆኑ፣ የካዝናውን የምስጢር ቁጥር የምታውቅ ሚስት ዕቃውን በእጇ ባትነካውም እንኳ በቁጥጥሯ ሥር እንዳደረገችው ሊቆጠርባትና እስከ 10 ዓመት እስራት በሚያስቀጣ ወንጀል ልትጠየቅ ትችላለች። ሁለቱም በባለአደራነት ሲሰየሙ ግን አንዱ በሌለበት ሌላው በሕጋዊ መንገድ ሊይዘው ይችላል።

ትረስት ቀድሞ የተወደደበት ሌላ ምክንያትም ነበር፤ ግለሰብ አመልካች የጣት አሻራና ፎቶግራፍ ከማቅረቡ በላይ የአካባቢውን የፖሊስ ኃላፊ ፊርማ መለመን ሲኖርበት፣ ትረስት ከዚህ ሁሉ ነፃ ነበር። ከጁላይ 2016 ጀምሮ ግን አመልካች ትረስት የባለአደራዎቹን አሻራና ፎቶግራፍ እንዲያቀርብ ተገደደ፤ የፊርማው ግዴታም ለሁሉም ቀርቶ ለፖሊስ ኃላፊው ማሳወቅ ብቻ በቂ ሆነ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ወዲህ ደግሞ ለድምፅ ማፈኛና ለአጫጭር ጠመንጃዎች ታክሱ ወደ ዜሮ ሲወርድ፣ ለመትረየስ ባለበት ጸንቷል። አቋራጩ ከተዘጋ በኋላ የትረስት እውነተኛ ዋጋ በጋራ መያዝና በውርስ ላይ መሆኑ ይበልጥ ግልጽ ሆኗል።

በውርስ ረገድ ነገሩ ቀላል አይደለም። ከሜይ 19 ቀን 1986 በፊት ያልተመዘገበ መትረየስ በሲቪል ሰው እጅ ሊገባ ስለማይችል ቀድሞ የተመዘገበው በአስር ሺዎች ዶላር ይሸጣል፤ እንዲህ ያለው ንብረት ባለቤቱ ሲሞት በግለሰብ ስም ከሆነ ውርስ እስኪጣራ በፍርድ ቤት ሂደት ውስጥ ያልፋል። በትረስት የተያዘ ከሆነ ግን አስቀድሞ የተሰየመው ተተኪ ባለአደራ ወዲያው ይረከበዋል፤ ለተጠቃሚው በስሙ ሲያስተላልፈውም የመንግሥትን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ለሕጋዊ ወራሽ በመሆኑም ታክስ አይከፈልበትም።

ሰነዱ በከባድ ወንጀል የተፈረደበትን ሰው ባለመብት ሊያደርገው አይችልም፤ ይህን እያወቀ መሣሪያ የሚያስረክበው ባለአደራም ራሱ ይጠየቃል። «ንብረቱ ለልጆቼ እኩል ይከፋፈል» ብቻ የሚል ተራ የቤተሰብ ትረስት አደገኛ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ለጦር መሣሪያ ታስቦ በጥንቃቄ የተጻፈ ሰነድ ግን ባለአደራው የተጠቃሚውን ዕድሜና ሕጋዊ ብቃት እንዲያጣራ፣ ተጠቃሚው የድምፅ ማፈኛ በተከለከለባት ካሊፎርኒያ የሚኖር ከሆነም ዕቃውን ሸጦ ገንዘቡን እንዲሰጠው ሥልጣን ይሰጠዋል።