አንድ ሕመም፣ አንድ ትርጉም፦ የተዋሐዱ የሕክምና ቃላት ለኤሌክትሮኒክ የሕሙማን መዝገብ ስለሚሰጡት ጥቅም

ለፕሮጀክት ክትትል በሄድኩበት አንድ ጤና ጣቢያ፣ በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ሳል ስላስቸገራቸው ከጤና መኮንኑ ፊት ቀርበው ነበር። የመጡት ከሌላ ወረዳ ስለሆነ የቀድሞ ካርዳቸው አብሯቸው አልነበረም። ከዚህ በፊት የታከሙት በሽታ እንዳለ ሲጠየቁ፣ «አዎን ልጄ፣ ነቀርሳ ነበረብኝ፤ ታክሜ ድኛለሁ» ሲሉ መለሱ። የጤና መኮንኑ መጻፉን አቁሞ ጥቂት አሰበ። በቋንቋችን «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ቲቢንም ካንሰርንም ለመጥራት ያገለግላልና። እናታችን የታከሙት ቲቢ ከሆነ፣ የአሁኑ ሳል መድኃኒት የተላመደ ቲቢ እንዳይሆን በጥንቃቄ መመርመር ያስፈልጋል፤ ካንሰር ከሆነ ደግሞ ምርመራው ሌላ መንገድ ይከተላል። ከብዙ ጥያቄ በኋላ ለስድስት ወራት ያህል በየቀኑ ክኒን ሲውጡ መቆየታቸውን ስላስታወሱ ነገሩ ተለየ።

በዚያን ዕለት የረዳን የእናታችን ትዝታ ነበር። ሕመምተኛው ራሱን የሳተ ወይም መናገር የማይችል ሕፃን ቢሆንስ? በእርሱ ፈንታ የሚናገረው መዝገቡ ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም መዝገቡ በትክክል እንዲናገር የሚያደርገውን አሠራር ማስረዳት ነው።

ዛሬ ብዙ የጤና ተቋማት ከወረቀት ካርድ ወደ ኮምፒውተር መዝገብ በመሸጋገር ላይ ናቸው። ነገር ግን ኮምፒውተር የተጻፈለትን ፊደል እንጂ የጸሐፊውን ሐሳብ አያነብም። አንዱ ባለሙያ «ቲቢ»፣ ሌላው «የሳንባ ነቀርሳ»፣ ሦስተኛው «ቱበርክሎሲስ» ብለው ቢጽፉ፣ ሰው አንድ በሽታ መሆኑን ሲረዳ ኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች አድርጎ ይይዛቸዋል። በተቃራኒውም አንድ አጭር ጽሑፍ ሁለት በሽታዎችን ሊያመለክት ይችላል። ለምሳሌ «ኤም ኤስ» የተባለው አኅጽሮት ለአንዱ ሐኪም የልብ በር መጥበብ ሲሆን፣ ለሌላው የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ነርቮችን የሚጎዳ በሽታ ነው።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ለእያንዳንዱ ሕመም የማይለዋወጥ ምልክት መስጠት ነው። ይህ አሠራር ለቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት እንግዳ አይሆንም። በድጓ ከንባቡ በላይ የሚሰፍሩት ትንንሽ የዜማ ምልክቶች እያንዳንዳቸው የታወቀ የዜማ ስልት ያመለክታሉ። በአንድ ቤት የተማሩ ሁለት መሪጌቶች በተለያየ ሀገር ቢያገለግሉም፣ ምልክቱን ሲያዩ የሚያዜሙት ያንኑ ዜማ ነው። የሕክምና ኮድም እንዲሁ በአንድ ትርጉም እንደሚነበብ ምልክት ነው።

ከእነዚህ የኮድ ሥርዓቶች በሰፊው የታወቀው ዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ ነው። መነሻው ዣክ በርቲዮን የተባለ ፈረንሳዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ ያዘጋጀውና በ1893 እ.ኤ.አ. የቀረበው የሞት መንስኤዎች ዝርዝር ነው። ከ1948 እ.ኤ.አ. ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት ኃላፊነቱን ወስዶ በየጊዜው ሲያሻሽለው ቆይቷል፤ 11ኛው እትም ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። በ10ኛው እትም የሳንባ ካንሰር «ሲ34» ሲሆን፣ ከ«ኤ15» እስከ «ኤ19» ያሉት ኮዶች ለቲቢ የተመደቡ ናቸው። ቀድሞ ካንሰር የነበረበት ሰው «ዜድ85»፣ ቀድሞ ተላላፊ በሽታ ታክሞ የዳነ ደግሞ በ«ዜድ86» ሥር ይመዘገባል። የእናታችን ካርድ በዚህ መንገድ ቢጻፍ ኖሮ ጥያቄው በአንድ እይታ በተመለሰ ነበር።

ይህ ምደባ በዋናነት የተዘጋጀው በሽታዎችን በየወገናቸው ከፍሎ ለመቁጠር ነው። በምርመራ ክፍል የሚታየውን ዝርዝር ለመጻፍ ደግሞ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው «ስኖሜድ ሲቲ» የተባለው የቃላት ስብስብ ያገለግላል። በውስጡ ከ300,000 በላይ ጽንሰ ሐሳቦች ሲገኙ፣ ለእያንዳንዱ የራሱ መለያ ቁጥር ተሰጥቶታል። በአንድ ቁጥር ሥር ልዩ ልዩ መጠሪያዎች ስለሚሰባሰቡ፣ ባለሙያው የለመደውን ቃል ቢጽፍም ትርጉሙ አንድ ሆኖ ይቀመጣል።

ዝርዝሩ ለሕክምና የሚኖረውን ዋጋ ከወባ መረዳት እንችላለን። በአገራችን በብዛት የሚታዩት ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ የተባሉት ዝርያዎች ናቸው። ፋልሲፓረም በአጭር ጊዜ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል፤ ቫይቫክስ ደግሞ በጉበት ተሸሽጎ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ስለሚችል፣ በጉበት ያለውን የሚያጠፋ ተጨማሪ መድኃኒት ያስፈልገዋል። «ወባ» ብቻ ብሎ የሚያልፍ መዝገብ ይህን ልዩነት ይሰውራል። «ቢ50» ወይም «ቢ51» ተብሎ ሲጻፍ ግን የመጀመሪያው ፋልሲፓረም፣ ሁለተኛው ቫይቫክስ መሆኑ ይታወቃል። ቀጥሎ የሚያክመው ባለሙያም ሕመሙ አዲስ ይሁን ያገረሸ ለመለየት መነሻ ያገኛል።

ጥቅሙ ከአንድ ሕመምተኛም ያልፋል። የጤና ተቋማት በዲ ኤች አይ ኤስ 2 ሥርዓት የሚልኩት ሪፖርት የሚጠናቀረው በምርመራ ክፍል ከተጻፈው ነው። በዚያ የተሳሳተ ስም ከተጻፈ፣ መድኃኒት የሚመደበውና ወረርሽኝ የሚታወቀው በተሳሳተ ቁጥር ይሆናል።

ይሁን እንጂ ኮድ በራሱ እውነትን አያስገኝም። በሥራ ብዛት የተጨናነቀ ባለሙያ «ሌላ» ወይም «ያልተገለጸ» የሚለውን ምርጫ ሊያዘወትር፣ ወይም የማይገባውን ኮድ ሊመርጥ ይችላል፤ የተሳሳተው ኮድም እንደ ትክክለኛው ሁሉ ከተቋም ወደ ተቋም ይተላለፋል። ስለዚህ ኮምፒውተር ሲገዛ ለባለሙያዎች ሥልጠናና መዝገቡን በየጊዜው ለሚያጣራ ሰው የሚሆን ወጪም አብሮ መታሰብ አለበት። የሕመምተኛው የራሱ ቃልም ከኮዱ ጎን ተጽፎ ሊቀመጥ ይገባል፤ ስሕተት ቢፈጠር ማረም የሚቻለው ወደ እርሱ በመመለስ ነውና።

በየአጥቢያው የምታገለግሉ ወንድሞችና እኅቶችም ምእመናንን ስትመክሩ ይህን አሳስቡልን፦ ከጤና ተቋም ሲወጡ የበሽታቸውን ሙሉ ስም ይጠይቁ፤ የሪፈር ወረቀታቸውንና የመድኃኒታቸውን ማሸጊያ ይጠብቁ፤ ወደ ሌላ ስፍራ ሲሄዱም ይዘው ይሂዱ። መዝገቦቻችን እርስ በርስ እስኪነጋገሩ ድረስ ያቺ ወረቀት ስለ ባለቤቷ ትመሰክራለች።